ኪት የሠራው ጓጉንቸር

ቴ ፑኬ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014

ለክቡር አጎቴ ለሜርቪን ትሬገንዛ፣ ባላራት

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? በኦፕራሲዮን የተተካልዎት አዲሱ የዳሌ አጥንት ተስማማዎት? አክስቴ ቤሪልስ? እዚህ የኪዊ ፍሬ ለቀማው እየደረሰ ስለሆነ ማሸጊያ ቤቱ ሽር ጉድ ነው። እኔም ጭነት ማንሻ መኪናዬ፣ ፎርክሊፍቴ ላይ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ፤ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ለሁላችሁም ጤናውን ያብዛላችሁ።

አጎቴ፣ የምጽፍልዎት ለአንድ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ እኔም እንደ አባቴ ጓጉንቸር ያለ መክፈቻ መክፈት ጀምሬያለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ነው፤ የገዛ ጓጉንቸሬን ይዤ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ። ለዚህም ዕቃ ገዝቻለሁ፤ በኢንተርኔት ሰባ ሁለት ፍሬ መጎርጎሪያ፣ ከነጥቁር ቦርሳው። ለመለማመጃ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጓጉንቸር ተመርቆልኛል፤ እሱን በማግስቱ ከፈትኩት።

አባቴ ሲሞት ጓሮ ያለውን የሥራ ቤቱን፣ ሼዱን ያጸዱት እርስዎ ነዎት። እኔ ለቀብር መጥቼ ወዲያው ተመለስኩ። በእጁ የሠራቸው መጎርጎሪያዎች ያሉበት ያ የቆዳ ጥቅሉ እርስዎ ዘንድ እንዳለ አክስቴ ነግራኛለች። ከአባቴ እጅ የቀረኝ ሌላ ነገር የለም። ጥቅሉን እንዲልኩልኝ እለምንዎታለሁ፤ የፖስታውን እኔ እችላለሁ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ
ጆስሊን


ባላራት
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2014

ለጆስሊን

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናዬን ጠይቀሻል፤ ደህና ነበርኩ፣ “ሰባ ሁለት ፍሬ” የሚለውን እስካነብ ድረስ።

ሰባ ሁለት። ጥርስ ሐኪም ልትሆኚ ነው? እኔ ፀጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ነገር ውስጥ አለሁ፤ ኪሴ ውስጥ የምይዘው አራት ነው። ከሰባ ሁለቱ አብዛኛው ለምን እንደተሠራ የሠራውም ሰው አያውቅም፤ ቦርሳው እንዲሞላ ነው የተሠራው። አንዱን አውጥተሽ እስቲ እጠፊው። እንደታጠፈ ይቀራል። ያ የፕላስቲክ ጓጉንቸርማ የሕፃን መጫወቻ ነው። ውስጡን እያየሽ የከፈትሽውን ነገር ከፈትኩት ብለሽ ለሰው ታወሪያለሽ? አታፍሪም?

የአባትሽ ጥቅል አዎ እኔ ጋ ነው። ሼዴ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ነገር ግን የእኛ የጓጉንቸር ከፋቾች ክለብ ማክሰኞ ማክሰኞ በቦውሊንግ ክለቡ ጓዳ የሚሰበሰበው ለሻይና ለሥጋ ፓይ ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለው። የራስህ ያልሆነውን አትጎርጉር። በሥራ ላይ ያለን ቁልፍ፣ የራስህም ቢሆን፣ አትጎርጉር። ሦስተኛው ደግሞ ይኸውልሽ፦ እያንዳንዱ አባል ውስጡን በእጁ የሠራው አንድ ጓጉንቸር አለው፤ አባሉ ሲሞት ዕቃው የሚሄደው ለልጁ ሳይሆን ያንን ጓጉንቸር ለከፈተው ሰው ነው። አባትሽ ራሱ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው ሕግ ነው።

የአባትሽን የኪትን ጓጉንቸር እስከ ዛሬ ማንም አልከፈተውም። ማንም ስል ማንም ነው። መክፈቻውን ራሱ ሐይቁ ውስጥ ወርውሮታል።

ስለዚህ ጥቅሉ ደም ቆጥሮ አይመጣልሽም። ከፈለግሽው ክፈቺ። እስከዚያው ሰባ ሁለቱን ለጎረቤት ልጆች ስጪያቸው። አይ፣ ተዪው፤ ልጆቹ ምን በደሉ።

አጎትሽ
ሜርቪን


ቴ ፑኬ
ማርች 16 ቀን 2014

ለክቡር አጎቴ

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጤናዎ እንደተመለሰ ገባኝ፤ የታመመ ሰው እንዲህ አጥርቶ አይሳደብም። አክስቴን በጣም ሰላም ይበሉልኝ። እዚህ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ለቀማው ዘግይቷል።

ስለ ሰባ ሁለቱ ያሉት እውነት ነው፣ አልደብቅዎትም። እውነተኛ ጓጉንቸር ውስጥ ስከታቸው ሁለቱ ተጣመሙ፤ የአንዱ ጫፍ ተሰብሮ እዚያው ውስጥ ቀረ። በሻይ ሰዓት ስታገል ያዩኝ የሥራ ባልደረቦቼ “ቦርሳችሁን ያዙ፣ ጆስ መጣች” ይላሉ።

አሁን ግን ደህናውን አግኝቻለሁ። በባትሪ የሚሠራ፣ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ነው፤ አፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ሲጫኑት ይንቀጠቀጥና ይከፍታል። ዋጋው ቤት ኪራዬን ነክቶብኛል፤ ይሁን። ከሱቅ አዲስ ጓጉንቸር ገዝቼ ሞከርኩት፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ከፈተው።

ስለዚህ የአባቴን ይላኩልኝ። ዝግጁ ነኝ።

አክባሪዎ
ጆስሊን


ባላራት
ኤፕሪል 2 ቀን 2014

ለዝግጁዋ ጆስሊን

ሰላም ብያለሁ። ቤሪልም ሰላም ብላሻለች፤ የሷ ከልብ ነው።

በባትሪ። የኪት ልጅ በባትሪ። ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤሽን ለክለቡ ሳነብላቸው አንዱን ሽማግሌ ፓዩ ትን ብሎት ልናጣው ነበር። መክፈት ብቻ የፈለገ ሰው ትልቅ የብረት መቁረጫ ይግዛና ይገላገል። እኛ የምንፈልገው ውስጡ ያለውን በጣት ማወቅ ነው። ያንቺ ሽጉጥ የሚያውቀው ነገር የለም፤ አንቺም ከሱ የተማርሽው ነገር የለም። ሁለታችሁም እኩል ናችሁ።

አንዴ ብቻ እነግርሻለሁ፣ እሱንም ለአባትሽ ስል ነው። ጓጉንቸር ውስጥ ፒን የምንላቸው ትንንሽ የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል፣ በኪት ጓጉንቸር ስድስት ናቸው። እያንዳንዷን ከላይ ሞላ ይጫናታል። እያንዳንዷ የምትነሣበት የራሷ ልክ አላት፤ ልኳ ላይ ስትደርስ ቀጭ ትላለች። ካሳለፍሻት ግን ትቀረቀርና የሌሎቹን ልፋት ሁሉ ታበላሻለች፤ ሁሉንም ለቀሽ እንደገና መጀመር ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ጅልም ይገባዋል፤ ስለዚህ ላንቺም ተስፋ አለ።

አሁን የምትገዢውን ስሚ። አንድ አጭር መንጠቆ፣ ጫፉ በደንብ የለሰለሰ። ሌላ ከሱ የቀጠነ፣ ለጠባብ ቀዳዳ። በቃ። ጫፉን በጥፍርሽ ላይ ሳቢው፤ ከቧጠጠሽ ለሻጩ መልሺለት። አጥፈሽ ስትለቂው ቀጥ የማይልም ከሆነ መልሺለት። እጀታው ያጌጠ፣ የዘንዶና የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ሱቁን ለቀሽ ውጪ፤ እሱን የሚገዙት ከመክፈት ይልቅ ፎቶ መነሣት የሚወዱ ናቸው።

ከመንጠቆው ጋር በሌላ እጅሽ ቀዳዳውን ቀስ ብለሽ የምታዞሪበትን መጠምዘዣ ግን እንዳትገዢ። አደራ። መጠምዘዣ በገንዘቡ የገዛ የክለባችን አባል የለም፤ ቢኖርም አይናገርም። የመንገድ መጥረጊያው መኪና ካለፈ በኋላ የቦዩን ዳር ይዘሽ ሂጂ። ከብሩሹ የረገፈ ጠፍጣፋ የብረት ስንጥር ታገኛለሽ፤ ጫፉን በፒንሳ አጥፊው። አባትሽ ከዚያ የተሻለ መጠምዘዣ ይዞ አያውቅም። ሰው ያየኛል ብለሽ ካፈርሽ ወደ ባትሪሽ ተመለሺ።

ጓጉንቸሩ በዚህ እሽግ ውስጥ አለ። ስትከፍቺው፣ ማለቴ ብትከፍቺው፣ ፈታትተሽ ፒኖቹን በየተራቸው ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረሽ ፎቶ አንሥተሽ ትልኪያለሽ። ያለዚያ “ተከፈተ” ማለት ወሬ ነው፤ እኛ ወሬ አንቀበልም።

ሜርቪን


ቴ ፑኬ
ሜይ 25 ቀን 2014

አጎት ሜርቪን

ሰላምታው ይቅርብህ።

ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሽጉጡን ሸጥኩት። ሁለት መንጠቆ ገዛሁ፣ ጌጥ የሌለው። ጠዋት ጠዋት የመጥረጊያውን መኪና እየተከተልኩ ቦይ ለቦይ ተጎንብሼ ስሄድ የማሸጊያ ቤቱ አለቃዬ መኪናውን አቁሞ፣ “የጠፋብሽ ነገር አለ?” አለኝ። “የአባቴን ዕቃ እየፈለግኩ ነው” አልኩት። ከልቤ ነበር። ሰውየው ወርዶ አብሮኝ ይፈልግ ጀመር፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ካንተ ይሻላል።

የላክህልኝን ጓጉንቸር በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ይዤው እቀመጣለሁ። እጄ እስኪደነዝዝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። አለቀስኩ፣ ልንገርህ። አባቴ “ጎሽ” ያለኝ መሰለኝ።

ከዚያ በሕጋችሁ መሠረት ፈታሁት። ፒኖቹን ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። ስድስቱም ነጭ፣ ስድስቱም የፋብሪካ፣ አንዳቸው ላይ የሞረድ ጭረት የለም።

አባቴ የፋብሪካ ፒን ነክቶ አያውቅም። ከአሮጌ ቧንቧ ላይ ናሱን እየቆረጠ፣ በእጁ እየሞረደ ነበር የሚሠራው። እናቴ “በዚህ ቤት እጀታ ያለው ቧንቧ አጣሁ” እያለች ስትጮህ ነው ያደግኩት። ውሃ የምንከፍተው በፒንሳ ነበር። አንተም ታውቀዋለህ፤ እኛ ቤት መጥተህ እጅህን የታጠብከው በፒንሳ ነው።

ይሄ የአባቴ ጓጉንቸር አይደለም። ከሱቅ ገዝተህ፣ ላዩን ፈግፍገህ አሮጌ አስመስለህ የላክህልኝ ነው። ለምን እንዳደረግከው ሳስብ አደርኩ። ወይ የሱቁንም አትከፍተውም ብለህ ንቀኸኛል፤ ወይ ደግሞ ጥቅሉ ከሄደም ይሂድ፣ የአባቴን ጓጉንቸር ግን ሌላ ሰው አይከፍተውም ብለሃል። የፈለግከውን ምረጥ፤ ሁለቱም ያሳፍራል። ክለብ አለህ፣ ሕግ አለህ፣ ሰው የማያስተርፍ ምላስ አለህ፤ ይህን ሁሉ ይዘህ አንዲት ፎርክሊፍት ነጂ ፈራህ።

ጥቅሉን በዚህ መንገድ አልወስደውም። እውነተኛውን ጓጉንቸር ላክ።

የኪት ልጅ
ጆስሊን


ባላራት
ኦገስት 30 ቀን 2014

ጆስሊን

ዘገየሁ። ታምሜ አይደለም።

አንተ ብለሽኛል። ይሁን። ኪትም አንተ ነበር የሚለኝ፤ እርስዎ የሚሉኝ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ።

ሁለት ምክንያት ደርድረሽ ምረጥ ብለሻል። ሁለቱም ነው። የሱቁንም አትከፍቺውም ብዬ ነበር። የኪትን ደግሞ ማንም እንዲከፍተው አልፈልግም። ከአሥር ዓመት በላይ እጄ ላይ ነው። ወንድሜን መንጠቆ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያንን ጓጉንቸር ሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? “ሜርቭ፣ አንተ ይሄን አትከፍተውም።” እየሳቀ። ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ሞተ። ልጠይቀው አልችል፣ ልሰድበው አልችል። ሳቁን ይዞ ሄደ።

እንኪ፣ ውሰጂው። ናስ ነው፣ የቧንቧችሁ ነው። እኔ ያልቻልኩትን አንቺ በሁለት መንጠቆና በቦይ ስንጥር ልትከፍቺው። ማክሰኞ ለክለቡ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ለወጉ መሳቅ አለባቸው። ጥቅሉ ሚስማሩ ላይ ነው፣ የትም አይሄድም። ምናልባት፣ ምናልባት ከተከፈተልሽ፣ ለኔ አትንገሪኝ። ለክለቡ ጸሐፊ ጻፊ።

ሜርቪን

ጆሲ፣ አክስትሽ ቤሪል ነኝ። እሱ ቴምብር ሊገዛ ሲወጣ ነው የምጽፍልሽ። ለዳሌው ኦፕራሲዮን ሲገባ እንኳ ያንን ጓጉንቸር በፒጃማው ኪስ ይዞ ነው የሄደው፤ ነርሷ ነች ነጥቃ የሰጠችኝ። ዛሬ እሽጉን አሽጎ ሦስት ጊዜ መልሶ ፈታው። ልጄ፣ ክፈቺው። እሱ ባይገላገል እንኳ እኔ ልገላገል። ደግሞ ሹራብ ልበሺ፣ እዚያ ብርድ ነው አሉ።


ቴ ፑኬ
ኦክቶበር 12 ቀን 2014

አጎቴ

ለቤትህ ሰላም ይሁን። እሽጉ በደህና ደርሷል። ለክለቡ ጸሐፊ አልጻፍኩም፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ምን አለኝ።

ተከፈተ።

ፈታትቼ ደርድሬዋለሁ። ስድስቱም ናስ ናቸው፣ የሞረዱ ጭረት በደንብ ይታያል። አባቴ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ምን ሆንሽ ብላ መጣች። ፎቶውን አንሥቻለሁ፤ አልክልህም። ካየኸው ያ ጓጉንቸር ላንተ አለቀለት። ወሬ አንቀበልም ካልክ አትቀበል።

ጆስሊን


ባላራት
ኦክቶበር 27 ቀን 2014

ጆስሊን

አምኜሻለሁ።

ጥቅሉ ከዚህ ጋር አለ። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቤሪል ዘይት ቀብታዋለች። የአንደኛዋ መንጠቆ ጫፍ የተበላ ይመስላል፤ እንዳትሞርጃት፣ ኪት ሆን ብሎ ነው። ከሰባ ሁለቱ ቆሻሻ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጫቸው እሰማለሁ።

አሁን ንገሪኝ። አትንገሪኝ ያልኩሽን ተዪው። እኛ ዘንድ የሌላውን ቁልፍ እንዴት ተከፈተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የጠየቀ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ ነው ጓዳውን ለቆ የሚወጣው። እኔም ስንቱን አስወጥቻለሁ። ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው። የምታሰናክለው ሦስተኛዋ ፒን ናት ወይስ አምስተኛዋ? ይህችን ብቻ። ሌላ አልጠይቅሽም።

ሜርቪን


ቴ ፑኬ
ኖቬምበር 9 ቀን 2014

አጎቴ

ጥቅሉ ደረሰኝ። ሥራ ቀርቼ አጠገቡ ዋልኩ፤ ለመፍታት ፈርቼ ነበር። ስፈታው የማሽን ዘይትና የአባቴ ትምባሆ ሸተተኝ። ለዚህ ከልቤ አመሰግንሃለሁ፤ ሌላ ጊዜ የምለው ሁሉ ይህን አይሽረውም።

አልነግርህም። ስለ ስድብህ ልበቀልህ አይደለም፤ የአንተን ስድብ ተቀብዬ ለፎርክሊፍቴ አስተላልፋለሁ። አባቴ “አንተ አትከፍተውም” ያለህ ሲያፌዝብህ አይመስለኝም። ያውቅህ ነበር፣ ለዚያ ነው። ብነግርህ ትከፍተዋለህ፤ እሱ ያለው ግን እውነት እንደሆነ ይቀራል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አባቴ እንዲሳሳት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ጓጉንቸሩን መልሼ ገጥሜ ቆልፌ ልኬልሃለሁ። እሱ እንደሠራው ነው፣ አንዲት ፒን ቦታዋን አልለወጠችም። ከጥቅሉ ቀጭኗን መንጠቆ ጨምሬልሃለሁ፤ በውሰት ናት፣ ትመልሳታለህ። የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እጅህ ከባድ ነው። ምላስህም እንደዚያው። አንዱን እንኳ ቀለል አድርገው።

ጆስሊን


ባላራት
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2015

ለወንድሜ ልጅ ለጆስሊን

ጤና ላንቺ ይሁን። ወገብሽን ይማርልሽ፣ ዝናቡም ለለቀማው ይቁምላችሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቤሪል ልብስ ስታሰጣ፣ እኔ ሼድ ውስጥ ሆኜ ተከፈተ። እንዴት አድርጌ እንደተሳደብኩ አላውቅም፤ ቤሪል ወድቆ ነው ብላ እርጥብ አንሶላ ይዛ እየሮጠች መጣች። ስሰድብ የነበረው አባትሽን ነው።

አራተኛዋ ፒን ናት። ረጅም አድርጎ ስለሠራት ከመጀመሪያው ልኳ ላይ ተቀምጣለች። መነካት የለባትም። ጫፏን ነካ ካደረግሻት ትቀረቀራለች፣ ሌሎቹ አምስቱ ቢስተካከሉም አይከፍትም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ከሷ ነበር የምጀምረው። ስትነኪያት ሞላዋ ስለሚሳሳ፣ ይቺ ደካማ ናት፣ መጀመሪያ እሷን አስተካክዬ ልገላገላት እያልኩ። ሰኞ ጠዋት እጄ ዝሎ ነበርና በኋላ እመለስባታለሁ ብዬ ዘለልኳት። መመለስ አላስፈለገም።

ምንም ያልጎደላትን ስነካካ እንደምኖር ያ ውሻ ወንድሜ ያውቅ ነበር። ሼዱ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ አልቅሼለት አላውቅም። ቤሪል ነገሩን ስነግራት አንሶላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ “ልጅቷንስ?” አለችኝ። “ምኗን?” አልኳት። “ልጅቷስ ምን ጎድሏት ነው ዓመት ሙሉ ስትነካካት የከረምከው?” አለችኝ።

ማክሰኞ ጓጉንቸሩን ይዤ ክለብ ሄድኩ። ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሁሉም ተነሥተው ጀርባዬን ይመቱኝ ጀመር፣ ሜርቭ በስተርጅና ቀናው እያሉ። ጸሐፊው መዝገቡን አውጥቶ፣ መጀመሪያ ለከፈተው በተተወው ቦታ ላይ ስሜን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣ። እጁን ያዝኩት።

“ጆስሊን ትሬገንዛ ብለህ ጻፍ” አልኩት። “እኔን ከሷ በታች።”

አጎትሽ
ሜርቪን